ለአዋሽ በር የከፈትንበት ቦይ

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ያኔ ቀያሽ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራው አፋር ክልል ውስጥ፣ ከገዋኔ ብዙም ሳይርቅ፣ የአዋሽን ውሃ በፓምፕ ስቦ የእንስሳት መኖ ማልማት ነው። የእኔ ድርሻ የፓምፑን ቦታና የቦዩን መስመር መቀየስ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ካርታውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ የምጽፈው ስለ ራሴ ነው።

ወሩ ግንቦት ነው። ገዋኔን በግንቦት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቶታል ስቴሽን የምንለውን የቅየሳ መሣሪያ እግር በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው ዒላማችን፣ የፕሪዝም ዘንጉ፣ እንደ ክር ይርገበገባል፣ ንባቡም አይታመንም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጀምረን አራት ሰዓት ላይ መሣሪያችንን እንሰበስባለን። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ጥላ ፍለጋ ነው።

ወንዙ በዚያ ወር አንሶ ነበር። ቡና የመሰለ ውሃ፣ አንዳንድ ቦታ ከጉልበት አያልፍም። እኛ ያለንበት ቦታ ላይ አዋሽ ወደ ግራ ታጥፎ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ ተመልሶ ይመጣል፣ ልክ እንደ ፈረስ ኮቴ። ከኮቴው አፍ እስከ አፍ ያለው መሬት ግን ስድስት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ መካከል ረጅም ጎድጓዳ መስመር አለ፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ዳርና ዳሩን ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍ ወሮታል። ፓምፑን ጎርፍ እንዳያገኘው ከወንዙ ራቅ አድርገን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ልናስቀምጠው ወሰንን። ውሃውን እስከ ፓምፑ የሚያደርስ መግቢያ ቦይ ያስፈልጋል፤ ጎድጓዳው መስመር ደግሞ ግማሹን ቁፋሮ ተቆፍሮ ጠበቀን። የወንዙን ዳር ብቻ ሰብሮ ከጎድጓዳው ጋር ማገናኘት ነው። ለነዳጅም ለጊዜም ቁጠባ ነው ብዬ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ፍየሎቻቸውን ይዘው የሚያልፉ ሽማግሌ አጠገባችን ቆሙ። ዘንግ የሚይዝልን የአፋር ልጅ አስተረጎመልን። ምን እንደምንለካ ጠየቁ፣ ነገርናቸው። ዝም ብለው ወደ ጎድጓዳው ወረዱ፣ በበትራቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ነጭ፣ ስስ፣ ከጥፍር የማይበልጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነበር።

«ይኼ ደረቅ መሬት ላይ ምን ይሠራል በለው» አሉት ልጁን። ቀጥለው፣ «አባቴ ግመሎቹን ያጠጣ የነበረው እዚህ ነው። ወንዙ ወጥቶ ሄደ እንጂ አልሞተም።»

አመስግኛቸው ቅርፊቱን ኪሴ ከተትኩት። በዚያ ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስለዚያ ቦታ የጻፍኩት ግን ይኼን ነው፦ «ዝቅተኛ መሬት፣ አፈሩ ልል፣ ለቁፋሮ ምቹ»። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። አፈሩ ለምን ልል ሆነ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። ካርታው ላይ አዋሽ ሰማያዊ መስመር ነው፣ ያም መስመር ኮቴውን ዞሮ ይሄዳል። የሳተላይት ምስሉም ያንኑ ያሳያል። ለእኔ ወንዝ ማለት ያ መስመር ነበር።

ሰኔ ላይ ኤክስካቫተር መጣ፣ ዳሩ ተሰበረ፣ መግቢያው ላይ በር ሊገጠም ቦታ ተተወለት። የበሩ ብረት ዘገየ። ለጊዜው አፉን በአፈር ደፍነን የፓምፕ ቤቱን ግንባታ ቀጠልን።

ነሐሴ ገባ። እኛ ጋ ጠብታ የለም። ሰማዩ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የካምፑ ጥበቃ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው ሲሄድ አየነው። ምን ሆንክ ስንለው ዳጉ ነው አለን። ዳጉን የማያውቅ ካለ፣ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው፤ ማን አለፈ፣ የት ዘነበ፣ ግጦሹ የት ደህና ነው፣ ሁሉም በዝርዝር ይነገራል፣ የሰማውም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለቀጣዩ ያደርሳል። ከላይ ከአሚባራ በኩል የመጣ ሰው ወንዙ ዳሩን አልፎ ሲወጣ አይቷል፣ ውሃው ነገ ተነገ ወዲያ እዚህ ነው አለን። ሰማዩን አየን። ፎርማኑ ደመና እንኳ የለም አለ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ጥበቃው ግን ተመልሶ መጥቶ ሠራተኛው ካልተነሳ እኔም ጥበቃውን እተዋለሁ ሲል ድንኳኖቹንና ጄኔሬተሩን አወጣን። በዚያ ውሳኔ ሰው አልተጎዳብንም። ምስጋናው ለእሱ ነው።

ውሃው ሌሊት ደረሰ። መጀመሪያ የሰማነው ጩኸት አይደለም፤ ዳሩ እየተቆረሰ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ጧ የሚል ድምፅ ነው፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይቀጥላል። የእርጥብ አፈር ሽታ ኮረብታው ድረስ መጣ። ከላያችን ኮከብ ሞልቷል። ሲነጋ አፈር የደፈንበት አፍ የለም። ያ ስድስት መቶ ሜትር ጎድጓዳ ሙሉ ወንዝ ሆኗል፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ እየሮጠ ነው። የፓምፕ ቤቱ አንድ ግድግዳ ቀድሞ ሄደ፣ ከሰዓት በኋላ መሠረቱ ተከተለ።

እስቲ እዚህ ላይ ስለ አዋሽ ትንሽ ላውራ፣ ያኔ አውቀው የነበረና ያልገባኝ ነገር ይኼ ነውና። አዋሽ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ከዚያ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ ቆቃ ላይ በ1952 ዓ.ም ግድብ ተሠርቶለታል። ወንጂንና መተሐራን አልፎ፣ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ፏፏቴውን ዘሎ፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወደ አፋር ይዘልቃል። ቁልቁል በሄደ ቁጥር ዝናቡ እየሳሳ ሄዶ ታች ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። እናም አፋር ላይ ያለው ወንዝ የአፋር ዝናብ አይደለም። የደጋ ዝናብ ነው፣ ቀናት ተጉዞ የመጣ።

ቆቃ ይይዘዋል ይባላል፤ እኛም ስብሰባ ላይ ያልነው ይኼንኑ ነው። ቆቃ የሚይዘው ግን ከእሱ በላይ ያለውን ነው። ከሰሜን ሸዋ ደጋ እንደ ከሰምና ቀበና ያሉት ወንዞች ተወርውረው የሚገቡት ከቆቃ በታች ነው። ያኔ የከሰም ግድብ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። ደጋው ላይ ሁለት ቀን ከባድ ዝናብ ከጣለ በገደሉ ወርዶ አዋሽን ለመሙላት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሌላው ደለሉ ነው። ገዋኔ አካባቢ መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ወንዙ ፍጥነቱን ሲያጣ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ዓመት በዓመት እያራገፈ የራሱን አልጋ ከፍ ያደርጋል፣ አልጋው ከጎኑ ካለው ሜዳ ጋር ሲስተካከል ደግሞ ትንሽ ክፍተት ካገኘ ይወጣል። እኛ ያንን ክፍተት በኤክስካቫተር ሠራንለት። ሦስት ኪሎ ሜትር ዞሮ የሚወርደውን ቁልቁለት በስድስት መቶ ሜትር እንዲወርድ ስናደርገው ፍጥነቱ በጣም ጨመረ፣ ልሉን አፈር በአንድ ሌሊት ጠርጎ ወሰደው። አፈሩ ልል የነበረው የወንዝ ደለል ስለሆነ ነው። የጻፍኩትን እኔው አላነበብኩትም።

ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሰዎች የጠየቁት ስለ ፓምፕ ቤቱና ስለ ወጪው ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ጎርፉ ሲጎድል ወንዙ በአዲሱ ማለትም በድሮው መንገዱ ቀረ፣ የኮቴውን አፍ ደለል ዘጋው። ሦስት ኪሎ ሜትሩ ሙሉ የረጋ ውሃ ሆኖ መስከረም ላይ መሽተት ጀመረ፣ ጥቅምት ላይ ጭቃ ሆነ። በዚያ ዳር ላይ የሰፈሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጃገረዶች ጀሪካን ይዘው የሚወርዱበት፣ ፍየልና ግመል የሚጠጣበት ቦታ ነበር። አዲሱ ወንዝ ቅርብ ነው፣ ይታያል፤ ዳሩ ግን በቢላ እንደ ተቆረጠ ቀጥ ያለ ሆኗል፣ ከሰው ቁመት በላይ። እንስሳት ውሃውን እያዩ ከላይ ቆመው ይጮኻሉ። ያንን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሽማግሌውን ፈልጌ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት፣ ልጁ እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም። አልተቆጡም። ዳሩ ላይ ይዘውኝ ሄዱና ግድግዳ የመሰለውን ቁርጥ አፈር በበትራቸው አሳዩኝ። እጥፍ እጥፍ ያለ ነው፤ አንድ ንጣፍ ጥቁር ጭቃ፣ አንድ ንጣፍ ደቃቅ አሸዋ፣ እንደገና ጭቃ፣ መሀል ላይ ነጫጭ የቀንድ አውጣ መስመር። አንዱ ንጣፍ ከአንድ ጎርፍ የቀረ ነው። ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳርም ከዚህ ወደ ታች በዚሁ ሸለቆ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አጥንቷን ይዞ ያቆየው እንዲህ ያለ የወንዝና የሐይቅ ደለል ነው።

በነጋታው ልጁን ይዤ ወጣሁ፣ ሽማግሌውም መጡ። መሣሪያ አልያዝኩም፣ ጂፒኤስና ደብተር ብቻ። እሳቸው ሲቆሙ እቆማለሁ፣ ነጥብ እወስዳለሁ። ሦስት የድሮ አልጋዎች አሳዩኝ። አንዱን በዛፎቹ ለዩት፣ አንዱን በሣሩ፣ ሦስተኛውን ደግሞ እናታቸው በነገሯቸው። ካርታዬ ላይ አንዱም የለም። የሳተላይት ምስሉን መልሼ ሳየው ግን ሦስቱም ነበሩ፤ ደብዛዛ፣ ጠቆር ያሉ ጥምዝ መስመሮች። ማየት የነበረብኝን ሰው ካሳየኝ በኋላ ነው ያየሁት።

ከዚያ ወዲህ ቆላ ውስጥ ስሠራ መሣሪያ ከመትከሌ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ከሰው ጋር እሄዳለሁ። ወንዙ የት ነበር፣ መቼ ወጣ፣ ስንት ቀን ቀድማችሁ ትሰማላችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ይኼን ጊዜ በፕሮግራም ውስጥ ለማስገባት ከአለቆች ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ፣ አንዳንዴ ተሳክቶልኛል። በሌላ ጊዜ ለሌላ ሥራ አሳይታ ድረስ ወርጃለሁ። አዋሽ ከዚያ አልፎ በትናንሽ ሐይቆች ተቀባብሎ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል፤ ባሕሩ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢቀረው ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1926 ዓ.ም ይኼ ወንዝ የት ይገባል ብሎ እስከዚያ ተከትሎታል። ከጊንጪ እስከ አቤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያ ሁሉ ውሃ መንገድ ላይ በሰው፣ በእንስሳት፣ በእርሻና በፀሐይ እያለቀ የተረፈው ጨዋማ ሐይቅ ላይ ይተናል። እኛ ያበላሸነው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ለዚያ ዳር ሰው ግን ወንዙ ያ ነበር።

ኤክስካቫተሩ ከሳይት ከመውጣቱ በፊት አንድ ቀን እንዲቆይልን ለመንኩ፣ ተፈቀደ። አዲሱ ዳር ላይ ለእንስሳት መውረጃ ቆረጥን። ሽማግሌው መጀመሪያ ራሳቸው ወረዱበት፣ መሀል ላይ ቆመው እግራቸውን ረገጥ ረገጥ አደረጉና ኦፕሬተሩን በእጃቸው «ገና ነው፣ ዝቅ አድርገው» አሉት። እንደገና ቆረጠ። ሦስተኛው ላይ በትራቸውን አነሱ። ፍየሎቹ ጫፉ ላይ ተደርድረው ነበር፣ አንዷ ሁለት እርምጃ ወረደችና ቆመች፣ አፈሩን አሸተተች፣ ከዚያ ሌሎቹ ከኋላ ገፏትና ሁሉም አቧራውን እያስነሱ አንድ ላይ ወደ ውሃው ወረዱ።