የአንድ ብሩ ፏፏቴ

አባቴ ዳንግላ ቤቱ፣ ዳዊቱ መሀል ያስቀመጣት አንዲት አሮጌ የወረቀት አንድ ብር አለችው። ሳንቲሙ መጥቶ ወረቀቱ ከገበያ ሲጠፋ ያስቀራት ናት። ፊቷ ላይ ያ የምናውቀው ልጅ አለ፣ ጀርባዋ ላይ ጢስ ዓባይና ወፎች። ካሜራ መግዛቴን ሲሰማ ብሯን አውጥቶ ሰጠኝና «በል፣ ይቺን አንሳልኝ» አለኝ። ፏፏቴውን ማለቱ ነው። ጎጃም ተወልዶ ጎጃም አረጀ፣ ጢስ ዓባይን ግን አንድም ቀን ሄዶ አላየውም።

መጀመሪያ የሄድኩት በሚያዝያ ነው። የዋህነቴ! ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ያኔ መንገዱ ፒስታ ነበር። ስደርስ ቅንድቤ ሳይቀር በአቧራ ነጥቷል። ቀና ብዬ ሳይ ጥቁር ገደል ላይ ቀጭን ነጭ ክር ተንጠልጥሏል፤ በቃ፣ ያው ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። እኔ ዓባይን እያየሁ ምንጭ ላመሰግን ምንም አልቀረኝም።

ውሃው የሄደው ወደ መብራት ነው። የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሁለተኛው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጨመረ። ሁለቱም ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ጠልፈው ነው የሚወስዱት። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ መጣና ከሐይቁ በቀጥታ መቅዳት ጀመረ። ስለዚህ በበጋ የሚወርደው የተረፈው ነው። ይሁን፣ መብራት ያስፈልገናል። የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ስገባ ግን መብራት ጠፍቶ ጠበቀኝ።

ለሁለተኛው ጉዞ መስከረም እስኪገባ ታገስኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ትኬት ቆርጬ በአላታ ድልድይ በኩል ባለው መንገድ ቁልቁል ወረድኩ።

ድልድዩን ሰው ሁሉ «የፖርቹጋል ድልድይ» ይለዋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1626 አካባቢ የተሠራ ነው፤ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የድንጋይ ድልድዮች አንዱ። አስጎብኚዎቹ ኖራው በእንቁላል ነው የተቦካው ይላሉ። የእንቁላሉን ወሬ ሌላም ቦታ ሰምቼዋለሁ፤ የጥንት ግንበኛ ሁሉ ዶሮ አርቢ ነበር እንዴ? እኔን የያዘኝ ግን ወለሉ ነው። መሀል ለመሀል ያሉት ድንጋዮች በእግርና በኮቴ ብዛት ተልጠው እንደ ምጣድ ለስልሰዋል። ዳር ዳሩን ያሉት ግን ሰው ስለማይረግጣቸው እስካሁን ሻካራ ናቸው። በጉልበቴ ተንበርክኬ እሱን ሳነሳ ከኋላዬ የአህያ ኮቴ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

አንዲት እናት ናቸው፣ አህያቸው ላይ እህል ጭነዋል።

«ምንም አልጠፋኝም እማማ። ድንጋዩን ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«ድንጋዩን?» ወደ ታች አዩት። «እኛ ስንት ዘመን ስንረግጠው! በል ዞር በል፣ ቀኑ ሳይሞቅብኝ ልለፍ።»

ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ። አህያዋ ለስላሳው ላይ እንዳትንሸራተት ዳር ዳሩን መርጣ ሄደች። የዚያን ቀን ካነሳኋቸው ሁሉ ይቺን ነው የምወዳት፦ ሻካራውን ድንጋይ የረገጡ አራት ኮቴዎች።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ወደ 45 ሜትር ነው የሚወርደው፣ በክረምት ሙላት ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል። ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ ስደርስ ጢሱ ሌንሴን አለበሰው። በሸሚዜ ብጠርገው ባሰበት። አንድ ልጅ እየሳቀ መጣና «ጋሼ፣ ፌስታል ልስጥህ?» አለኝ። ፌስታሉን ቀዳደን ለካሜራው ኮፍያ ሠራንለት። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የተጀመረው።

ሻተሩን አዘግይተው ውሃውን ጥጥ የሚያስመስሉ አሉ። እኔ አይመቸኝም፤ ዓባይ ጥጥ አይደለም። በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ሳነሳው እያንዳንዱ ጉማጅ ውሃ ለብቻው ሲወረወር ይታያል። 4 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከኋላዬ ስትሆን የማርያም መቀነት ጢሱ ውስጥ ወጣች።

ብሯን አውጥቼ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ከፏፏቴው ጋር አስተያየኋት። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ኋላ። ልክ አልመጣም፤ ወይ ሰዓሊው የቆመበት ቦታ ሌላ ነው፣ ወይ እሱም እንደ እኔ ትንሽ ጨማምሯል። ቀለሙማ ጭራሽ አይገናኝም። ብሯ ላይ አረንጓዴ ቢጤ ነው፣ የመስከረም ዓባይ ግን ልክ ማኪያቶ ነው። እጄ እስኪዝል አነሳሁ።

በሳምንቱ ምርጧን አሳጥቤ ዳንግላ ወሰድኩለት። አባቴ መነጽሩን አደረገ፣ ፎቶዋንና ብሯን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ አንገቱን አላቀናም።

«ወፎቹስ?» አለኝ።