አንዲት ቀን ስድስት ሳምንት በላችብኝ፦ ውጭ ወጥቶ ቮሊቦል ለመጫወት

ከአዲስ አበባ ወጥቼ አውሮፓ የመጀመሪያ ኮንትራቴን ስፈርም ስለ ጉልበት፣ ስለ ዝላይ፣ ስለ ብርድ የሚመክረኝ ሞልቶ ነበር። ስለ ወረቀቱ፣ ማለትም ስለ ዝውውር ሰርተፍኬቱ፣ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ከኋላዬ የምትመጣ ተጫዋች እንደ እኔ እንዳትቀመጥ ነው ይህን የምጽፈው።

ክለብ ማግኘቱ የሚወራውን ያህል አይከብድም። የኬንያ ሴቶች በፈረንጆቹ ከ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ ስለታዩ የውጭ ወኪሎች ለእነሱ መለኪያ አላቸው፤ ለእኛ የላቸውም። ስለዚህ ቁጥር ላኪ፦ ቁመትሽን፣ ቆመሽ እጅሽ የሚደርስበትን፣ ተንደርድረሽ ስትመቺና ለብሎክ ስትዘይ የሚደርስበትን። መለኪያ ከሌለሽ የቅርጫት ኳስ ቀለበት ከወለል 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ ነው፤ አጠገቡ ዝለይና ይቀረጽ። ምርጥ ምርጡ ተቆርጦ የተቀጣጠለ ቪዲዮ አትላኪ። ከሜዳው ጀርባ የተቀረጸ ሦስት ሙሉ ጨዋታ ይበልጣል፤ አሠልጣኝ ማየት የሚፈልገው ኳሱ ሌላ ሰው ጋ እያለ የት እንደምትቆሚ ነው። ኮንትራቱ ላይ ቤት፣ የሕክምና መድን፣ የደርሶ መልስ ትኬትና ደመወዝ የሚገባበት ቀን ተለይተው ይጻፉ። አንድ ነገር ደግሞ፦ የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ ዝቅተኛ ቦታ ስትወርጂ ሰርቪሱ ከለመድሽው ቀድሞ ይወርዳል፣ ሳይሽከረከር የሚመጣውም የበለጠ ይዋልላል። ሰርቪስ መቀበሉን እንደ አዲስ ልመጂው።

አሁን ወደ ሰርተፍኬቱ።

ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ክለብ ስትዛወሪ የዓለም አቀፉ ቮሊቦል ፌዴሬሽን የዝውውር ሰርተፍኬት ካልጸደቀ ይፋዊ ጨዋታ ላይ አትሰለፊም። ሂደቱ በኦንላይን ነው፤ ተቀባዩ ሀገር ፌዴሬሽን ይከፍተዋል፣ ክለቡና አንቺ ታረጋግጣላችሁ፣ መጀመሪያ የተመዘገብሽበት ሀገር ፌዴሬሽን ይፈቅዳል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ በመጨረሻ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከሎዛን ይጸድቃል። አንዱ ጋ ከቆመ ቀጣዩ አይንቀሳቀስም።

የእኔ የቆመው የትውልድ ቀን ላይ ነው። የተወለድኩት ጥር 1 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ድሮ ለክለብ ስመዘገብ ቅጹን የሞላው ሰው በልማድ ቆጥሮ ጃንዋሪ 9 ቀን 2000 ብሎ ጻፈ። ፓስፖርቴ ጃንዋሪ 10 ይላል። ልክ የሆነው ፓስፖርቱ ነው። 1991 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ሆነች፤ ስለዚህ የ1992 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነው። ያቺ የአንድ ቀን ፈቅታ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪመጣ፣ ማለትም እስከ የካቲት 21 ድረስ አትስተካከልም። በዘመነ ዮሐንስ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ያለ ቀሪ በሚካፈልበት ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለድሽ ሁሉ ወረቀቶችሽን አውጥተሽ እይ።

ስሜም ሁለት መልክ ነበረው። ፓስፖርቱ ላይ እስከ አያት ሦስት ስም፣ መዝገቡ ላይ ሁለት። «ፀ»ን አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ጽፎታል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለሚያመሳክረው የውጭ ሰው ግን ሁለት ሴቶች ናቸው።

እርማት ሲጠየቅ ከቀድሞው ክለብ ጽሕፈት ቤት የመጣው መልስ «አንድ ቀን ምን ያመጣል?» የሚል ነበር። ቀጥሎ ቅጹን የሞላው ሰው ለቋል ተባለ፤ ከዚያ ማኅተም የያዘው መስክ ወጥቷል፤ ከዚያ ሰኞ ነይ። እህቴ አምስት ጊዜ ተመላለሰች። በስንት መከራ የወጣው ደብዳቤ በአማርኛ ብቻ፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ መጣ፤ ተተርጉሞ እንደገና ማኅተም እስኪመታበት ሌላ አሥር ቀን ሄደ። በድምሩ ስድስት ሳምንት፣ አምስት ጨዋታ። ሳምንቱን ሙሉ ከቡድኑ ጋር እየሠራሁ ቅዳሜ ከተመልካች ጋር መቀመጥ እስካሁን ይቆጨኛል። በዚያ ጽሕፈት ቤት አሁንም እናደዳለሁ፤ በራሴም እናደዳለሁ፤ ቅጹ ላይ ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝና።

ሂደቱን ክለቡ ይጀምራል፣ አንቺ ጠብቂ ይሉሻል። አትጠብቂ። ኮንትራት ከመፈረምሽ በፊት፣ ቢቻል ከሁለት ወር ቀድመሽ፣ የተመዘገብሽበትን ስምና ቀን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። ልዩነት ካለ የእርማት ደብዳቤው በሁለቱም ቋንቋ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የፓስፖርት ቁጥርሽ ተጠቅሶ ይውጣ። ከቀድሞ ክለብሽ መልቀቂያ ሳትይዢ አውሮፕላን አትሳፈሪ፤ ከሩቅ ሆኖ ማኅተም ማስመታት ዘመድ ማሰቃየት ነው። ቅጹ ላይ የሚገባው ኢሜይል የራስሽ ይሁን እንጂ የወኪልሽ አይሁን፤ አለበለዚያ የት እንደቆመ የምታውቂው እሱ ሲነግርሽ ብቻ ነው።

ሰርተፍኬቱ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው። ማብቂያው ከመደበኛው ሊግ መዝጊያ ጋር እንዳይሆን ተከራከሪ፤ የማጣሪያና የዋንጫ ጨዋታዎች ከዚያ በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። ሲያልቅ ደግሞ በመዝገብ ወደ መጀመሪያው ፌዴሬሽንሽ ትመለሻለሽ። በሚቀጥለው ዓመት ከአንዱ የአውሮፓ ሀገር ወደ ሌላው ብትሄጂ እንኳ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአዲስ አበባ ነው፤ ያልታረመ ቀን ካለም እዚያው ይጠብቅሻል።