ማንም ያልቀመሰው ድርሻ

ሰሞኑን ማታ ማታ ዘሌዋውያንን ነው የማነበው፣ ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈውን መጽሐፍ፣ እና እጣን የሚለው ጋ ስደርስ ዕብራይስጡ ምን እንደሚል ልይ ብዬ ስልኬን አወጣሁና ሌቮና የሚል ቃል አገኘሁ። ላቫን ነጭ ማለት ነው፣ ሌቮናም ከዛው ስር የወጣ። አረቦቹ ሉባን የሚሉት፣ አረብ ሀገር ሰርታ የመጣች ሁሉ የምታውቀው፣ የዚሁ ዘመድ ነው። ግንዱን ሲፍቁት የሚንጠባጠበው ወተት ነው የሚመስለው፣ ከዛ ነው ደርቆ ሙጫ የሚሆነው። እኛ ደግሞ እጣን ያልነው ከማጠን ነው፣ ማለትም ከስራው።

የገረመኝ ግን አገልግሎቱ ነው። የእህል ቁርባን የሚያመጣ ሰው መልካም ዱቄት ላይ ዘይት ያፈሳል፣ እጣን ይጨምርበታል፣ ካህኑ ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ብቻ ይዘግንና እጣኑን ግን አንድም ሳያስቀር እሳት ላይ ያደርገዋል። የተረፈው ዱቄት ለካህናቱ ነው። የገጹ ኅብስት የሚባለው፣ እግዚአብሔር ፊት ገበታ ላይ የሚቀመጠውም እንደዛው፣ 12ቱን ኅብስት በየሰንበቱ እነሱ ይበሉታል፣ አብሮት የነበረው እጣን ለመታሰቢያ ይቃጠላል። እና እኔ እንደገባኝ ከእህሉ ማዕድ ሰው ምንም የማይካፈለው ይሄ ነጩ ነገር ነው።

ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ቴል አራድ የሚባል ቦታ ከይሁዳ መንግሥት ዘመን የነበረ መቅደስ አለ፣ ሁለት የድንጋይ መሠዊያ ተገኝቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ላያቸው ላይ የቀረውን ጥቁር ቅሪት መርምሮ ትልቁ ላይ እጣን ከእንስሳት ስብ ጋር አገኘ (ትንሹ ላይ ካናቢስ ነው የተገኘው፣ ያው ኢንተርኔቱ ያበደው በሱ ነው)። ስቡ እጣኑ ሙቀት አግኝቶ በደንብ እንዲጨስ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለውን ዘሌዋውያን ላይ አታገኙትም፣ መሠዊያው ስር የዋለ ሰው ሙያ ነው መሰለኝ።

ምዕራፍ 5 ላይ ግን ቆምኩ። ሁለት ርግብ እንኳን መግዛት ያልቻለ ደሃ ለኃጢአቱ ኢፍ የሚባለውን የእህል መስፈሪያ አንድ አስረኛ ዱቄት ያምጣ፣ ዘይት አያፍስበት፣ እጣንም አይጨምርበት ይላል። እጣን ያኔ ከሳባ የሚመጣ ውድ ነገር ስለሆነ ለደሃው አዝነውለት ነው እንዳይባል ምክንያቱን እዛው አስቀምጦታል፣ የኃጢአት መሥዋዕት ነውና። ዘኍልቁ 5 ላይም በሚስቱ የቀና ባል የሚያመጣው የገብስ ዱቄት ዘይትም እጣንም የለበትም። የአይሁድ ሊቃውንት የኃጢአተኛ መሥዋዕት አይመር ብለው ተርጉመውታል። እውነቴን ነው ይሄ ትርጉም አልተዋጠልኝም፣ ሀብታሙ ሲበድል በጉን እየጎተተ ሲመጣ ግርማው አይጣል ነው፣ ደሃው ጋ ሲሆን ነው እንዴ ማማር የሚያስፈራው? ለማንኛውም ካህኑ ያንን ደረቅ ዱቄት እፍኝ ዘግኖ ያቃጥልለታል፣ ቁጥር 13 ላይም ይሰረይለታል ይላል፣ ልክ እንደ ባለበጉ።