ስፒከር ስፈትሽ መቼ ጆሮዬን፣ መቼ ማይክሮፎኑን እንደማምን

የድምፅ ጥራት ወሬ ሲነሳ አንዱ «ግራፉን አሳየኝ» ይላል፣ ሌላው «ጆሮዬ ይበቃኛል»። እኔ ሁለቱንም በራሴ ክፍል ውስጥ ፈተንኳቸው። ዘዴዬ ቀላል ነው። መጀመሪያ አዳምጣለሁ፣ የከነከነኝን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምለካው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ! ግራፉን አስቀድማችሁ ካያችሁ ያያችሁትን ነው የምትሰሙት።

ለመለካት ብዙ ነገር አያስፈልግም። በዩኤስቢ የሚሰካ የመለኪያ ማይክሮፎን፣ ላፕቶፕ፣ እና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር። ማይክሮፎኑን ስቀመጥ ጆሮዬ በሚሆንበት ከፍታ ላይ አቆመዋለሁ። ስፒከሩ ከጎርናናው እስከ ቀጭኑ እየወጣ የሚሄድ ድምፅ ያሰማል፣ እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደደረሰ የሚያሳይ ግራፍ፣ ማለትም ኩርባው፣ ስክሪኑ ላይ ይመጣል።

ወረቀቴ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ይህ ነበር፦ ቤዝ ጊታሩ ወደ ታች ሲወርድ የመጨረሻዋ ኖታ ትጠፋለች። ጣት ክሩን ሲነካው ይሰማኛል፣ የኖታዋ አካል ግን የለም። ስለካው 43 ኸርዝ (በሴኮንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ኩርባው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አገኘሁ። የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ኖታ ደግሞ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ስፒከሩ ምንም አላጠፋም። ክፍሌ 4 ሜትር ይረዝማል፣ ድምፅ ደግሞ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 343ን ለርዝመቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ስታካፍሉት 43 ይመጣል። እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ድምፁ በፊትና በኋላ ግድግዳ መካከል እየተመላለሰ ግድግዳው ጋ ይበረታል፣ መሃል ላይ ይሞታል። ወንበሬ መሃል ላይ ነበር። ጎርናናውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ኢኳላይዘር 43ን ወደ ላይ ብገፋውም ጉድጓዱ አልሞላ አለ። ወንበሩን 70 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ስስበው ኖታዋ መጣች። ችግሩን የነገረኝ ጆሮዬ ነው፣ ግን ለብቻው ቢሆን አዲስ ስፒከር ያስገዛኝ ነበር።

ቀጥሎ ሁለት አምፕሊፋየሮች፣ ማለትም ድምፁን አጉልተው ለስፒከሩ የሚሰጡ መሣሪያዎች፣ አወዳደርኩ። እዚህ ላይ ትልቁ ጣጣ ቮሊዩም ነው። ትንሽ ከፍ ያለው ብዙውን ጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል፤ የ1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ልዩነት «ጮኸ» ሳይሆን «ጠራ» መስሎ ነው ጆሮ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ የስፒከሩ ሽቦ ጫፍ ላይ ቮልቱን በቴስተር እየለካሁ አመጣጠንኳቸውና ጓደኛዬ ከጀርባዬ ሆኖ እንዲቀያይርልኝ አደረግሁ። እያየሁ ሳዳምጥ አንደኛው ሞቅ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሳላይ ግን ግምቴ ዘውድና ጎፈር ከመጣል አልተሻለም። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ ከአቅማቸው በላይም አላስጮህኳቸውም፣ ስለዚህ አይገርምም።

ስፒከር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ድምፅ በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ከልያቸውም ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ዓይን ግን እዚህም ይፈርዳል። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ሙከራ አድማጮች ስፒከሮቹን እያዩ የሰጡት ነጥብና ሳያዩ የሰጡት ነጥብ ተለያይቷል። እኔም ጋ ትልቁና ያማረው ስፒከር ጨርቁ ከጋረደው በኋላ ደረጃው ወረደ።

ማይክሮፎኑን የማላምንበት ቦታም አለ። ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ፣ ከስፒከሩ በቀጥታ የመጣውንና ከግድግዳ ተመልሶ የመጣውን አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚያሳየው፤ አእምሯችን ግን ይለያቸዋል። ለማየት ብዬ ኩርባውን እስከ ላይ ድረስ በኢኳላይዘር ቀጥ አደረግሁት። ግራፉ ያምራል፣ ዘፋኟ «ስ» ስትል ግን ጆሮ ይወጋል። ጥሩ ስፒከር ክፍል ውስጥ ሲለካ ወደ ቀጭኑ ድምፅ በሄደ ቁጥር ኩርባው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ መውረድም አለበት። አሁን በግራፍ የማስተካክለው ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው።

ቤዙ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ደግሞ ለግራፍ አልተውም። ቮሊዩም ሲቀንስ ጆሯችን ከሌላው ድምፅ ይልቅ ቤዝ የመስማት አቅሙ ይደክማል፤ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 በኩርባ አሳይተውታል። ስለዚህ ሁለት ቅንብር አስቀምጫለሁ። ማታ ዝግ አድርጌ ሳዳምጥ ቤዙ ከፍ ይላል፣ ቀን ለቀቅ ሳደርገው ይቀንሳል። የሁለቱንም ልክ የመረጥኩት ስክሪኑን ዘግቼ በጆሮዬ ነው።