ክራር፣ ቡና፣ ጓያ እና አንጎል

ባዮሎጂ ዲፓርትመንት ስገባ ሀሳቤ ጀነቲክስ ነበር፣ አሁን ግን ልቤ ጠቅልሎ ኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቭ ጥናት) ገብቷል በቃ። ሌላውን ኮርስ ለፈተና ነው የማነበው ይሄንን ግን ማንም ሳይጠይቀኝ እስከ ሌሊት እቀመጥበታለሁ። ደስ የሚለኝ ደሞ ከምወዳቸው ሌሎች ነገሮች አንዱንም አላስተወኝም፣ ክራሩንም ቡናውንም ማጀት መግባቱንም እንደውም አብሶብኛል።

ክራሩን ልንገራችሁ። ባቲ ቅኝትን ስለማመድ መጀመሪያ አካባቢ ጣቶቼን እያየሁ ነበር የምመታው፣ አሁን ግን ካየኋቸው ነው የሚሳሳቱት፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ከለቀቅኳቸው ራሳቸው ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ስለ ሄንሪ ሞላይሰን ሳነብ ነው። አሜሪካዊ ነው፣ የሚጥል በሽታው አላስቀምጥ ብሎት በ1953 እ.ኤ.አ. በ27 አመቱ ኦፕራሲዮን ተደረገና ከሁለቱም በኩል ሂፖካምፐሱን፣ አዲስ ትዝታ እንዲያዝ የሚረዳውን የአንጎል ክፍል፣ ብዙውን አወጡለት። በሽታው ቀለል አለለት ግን ከዛ በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ አልቻለም፣ አሁን ያዋራውን ሰው ወጣ ብሎ ሲመለስ አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ የኮከብ ስእል ሰጠችውና እጁን በመስታወት ብቻ እያየ መስመሩን በእርሳስ እንዲከተል አደረገች፣ ቀን በቀን እየተሻሻለ ሄደ፣ እሱ ግን ሁሌም ይሄን ነገር ሰርቼው አላውቅም ነው የሚለው! እጁ ተምሯል እሱ አያውቅም። ማለት ትዝታ አንድ ቦታ የተቀመጠ አንድ ነገር አይደለም፣ የትላንቱን ወሬ የሚይዘውና ጣትን የሚያሰለጥነው የአንጎል ክፍል ይለያያል። ሰውየው እስኪሞት ድረስ (2008) በጥናቶቹ ላይ ስሙ ኤች ኤም ብቻ ነበር፣ ያለ እሱ ስለ ትዝታ የምናውቀው ስንት ነገር ይጎድል ነበር እያልኩ ባሰብኩ ቁጥር ውለታው ይከብደኛል።

ቡናው ደሞ ሌላ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ይከማቻል፣ ሪሴፕተሩ (ህዋሱ ላይ ያለው መቀበያው) ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል፣ ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ደሞ ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል እንጂ ድካሙን አያጠፋውም። ግማሹ ከደም ለመውጣት ወደ አምስት ሰአት ስለሚፈጅ አስራ አንድ ሰአት ላይ የጠጣነው አቦል ማታ አራት ሰአት ላይ ገና ግማሹ አለ ማለት ነው፣ በረካው ሳይቆጠር።

ለፋሲካ በጉ ሲታረድ ጭንቅላቱን ለኔ ተዉልኝ ብዬ ለመንኩና አጎቴ ቀስ ብሎ ከፈተልኝ። ትኩስ አንጎል እንደረጋ እርጎ ነው፣ በጣት ጫን ካሉት ይሄዳል። ከፊት ለፊቱ ሁለት ጉብ ጉብ ያሉ የሽታ ክፍሎች አሉት፣ ከሰው ጋር ሲተያይ በጣም ትልቅ ናቸው፣ ገልበጥ ሳደርገው ደሞ ከአይን የሚመጡት ሁለቱ ነርቮች ሲጠላለፉ በአይኔ አየሁ። ከኋላ ያለውን ሴሬቤለም የሚባለውን ክፍል መሀል ለመሀል ስሰነጥቀው ውስጡ ነጭ ዛፍ ወጣ፣ ግንዱ ቅርንጫፉ ሁሉ። መፅሀፍ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ ግን ጮህኩኝ። እማዬ ሽንኩርት ትታ መጣች፣ «ኧረ ልጄ በበአል ቀን!» አለችና ትንሽ ቆይታ ደሞ «እስቲ ዛፉን ድገሚና አሳዪኝ» አለችኝ።

ጓያ ላይ ስደርስ ግን ሆዴ ይባባል። አያቴ የደምቢያ ሰው ናት፣ ጓያ በልተው እግራቸው የተያዘ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰዎች ታውቃለች፣ እንፋሎቱ ራሱ ያሽመደምዳል እየተባለ ነው ያደገችው። የሚያሽመደምደው ፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል ነገር ነው፣ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ስለሚመስል ሪሴፕተሩ ላይ ተቀምጦ ህዋሱን ከልክ በላይ ያነቃቃዋል፣ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች ይጎዱና እግር ይገተራል፣ ከያዘ ደሞ አይመለስም። አንዴ ሁለቴ በሽሮ በመብላት አይመጣም፣ ድርቅ ሆኖ ሌላው እህል ሲጠፋ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ነው የሚመጣው፣ ጓያ ደሞ ድርቁንም ውሀ የተኛበትንም መሬት ስለሚችል የሚተርፈው እሱ ነው። ማለትም የሚይዘው ሌላ የሚበላው ያጣውን ሰው ነው፣ ይሄ ያናድደኛል። ዘፍዝፎ ውሀውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሰዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት እና ባልደረቦቻቸው እዛው ገጠር ድረስ ወርደው ነው ያጠኑት፣ ወረቀታቸውን ሳነብ የአያቴን ወሬ በቁጥር እንዳገኘሁት ሆነብኝ።

ለሲኒየር ፕሮጀክቴ በዚህ ላይ መስራት ነው የምፈልገው፣ ማክሰኞ ከአድቫይዘሬ ጋር ቀጠሮ አለኝ። አንዱ ጥያቄዬ፣ ለእጅ የሚሰሩት ነርቮችም ያው የግሉታሜት ሪሴፕተር አላቸው፣ ታድያ ኦዳፕ ለምን እጅን ትቶ እግርን ይመርጣል?