ፊርማ የሞላው ሎግ ቡክ፦ የነርሲንግ ተማሪን እጁን አይቶ መመዘን

በነርሲንግ ዲግሪ ፕሮግራም የጥራት ሥራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወጣው ፋይል ነው፤ ካሪኩለም፣ የኮርስ መግለጫ፣ ቃለ ጉባኤ። እኔ የጀመርኩት ከሌላኛው ጫፍ ነው፤ “ተማሪው ሲሠራ በዓይን ታይቶ ይመዘናል” ከሚለው አንድ መስፈርት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፣ 50 ከመቶ ያመጣ ያልፋል። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት መቻሉን ግን ከዚያ ወረቀት ማወቅ አይቻልም።

ተማሪው በሆስፒታል የሠራውን የሚያስፈርምበት መዝገብ፣ ሎግ ቡኩ ላይ፣ 60 ፕሮሲጀር (የሕክምና ተግባር) ተዘርዝሮ ለእያንዳንዱ አንድ የፊርማ ቦታ ነበረው። እንዲህ ሲሆን የሆስፒታል ልምምዱ (አታችመንቱ) ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ ይፈረማል። ዝርዝሩን ወደ 24 አወረድኩትና አራት ደረጃ አስቀመጥኩ፦ አየ፣ አገዘ፣ በክትትል ሠራ፣ ራሱን ችሎ ሠራ። በዚያው ፈረቃ ያልተፈረመ አይቆጠርም። ቀን፣ ዋርድና ፈረቃ ይጻፋል፤ የታካሚ ስም አይጻፍም። በየሳምንቱ ከ10 ሎግ ቡክ ሁለቱን በዕጣ አውጥቼ ከዋርዱ የተረኛ ሰሌዳ ጋር አመሳክራለሁ። የፈረመችው ሲስተር በዚያ ቀን ተረኛ ካልነበረች ፊርማው ይሰረዛል። ስንት ማሳሰቢያ ተለጥፎ ያላመጣውን ለውጥ ይህ አመጣው።

መጨናነቁ ሌላ ነው። ጠዋት ከየኮሌጁ የመጣው ተማሪ አንድ አልጋ ዙሪያ ይቆማል፤ አንዱ ቁስል ያሽጋል፣ ሌላው አንገቱን ያሰግጋል። 32ቱን ተማሪዎች በ8 በ8 ከፍዬ በሁለት ዋርድ፣ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ አደረግኳቸው። ችግሩ ከሰዓት መምህር አለመኖሩ ነው። የዋርዱ ነርሶች ግማሽ ቀን ገለጻ ካላገኙ ደግሞ ወይ ለሁሉም ይፈርማሉ ወይ ለማንም አይፈርሙም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ኦስኪው ነው፤ ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ (ከስቴሽን ስቴሽን) እየተዘዋወረ በተግባር የሚመዘንበት ፈተና። 8 ስቴሽን፣ በእያንዳንዱ 7 ደቂቃ፣ ለመዘዋወር 1 ደቂቃ፤ አንድ ዙር 64 ደቂቃ፣ አራቱ ዙር 256 ደቂቃ ይሆናል። ተራ የሚጠብቁት ስልካቸውን አስረክበው በአንድ ክፍል ይቆያሉ፤ የጨረሱት በሌላ በር ይወጣሉ። በአንድ በር ከተላለፉ ሦስተኛው ዙር ላይ ጥያቄው አብቅቶለታል።

ዕቃ ላይ መቆጠብ ውጤት ያዛባል። አንድ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ከነመርፌው) በማኒኪኑ፣ በመለማመጃው አሻንጉሊት፣ ክንድ ላይ ሲደጋገም ጫፉ ይደንዛል፤ የኋለኛው ተማሪ ከፊተኛው በከበደ ዕቃ ይፈተናል። ስለዚህ 32 ካኑላ፣ ለመጠባበቂያ 8። ደም ግፊት ስቴሽን ላይ የአንድ ሰው አንድ ክንድ በተከታታይ ሲታሰር ንባቡ ይዛባል፤ ክንድ እያፈራረቅን፣ በየዙሩም ሰው እየቀየርን ሠራን። መዛኙ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያዳምጥበት ስቴቶስኮፕ ይዞ አብሮ ያዳምጣል፤ ከ4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ልዩነት ካለ ነጥብ የለም። ያለዚህ “120 በ80” ብሎ ከራሱ የፈጠረውም ያልፋል። አየሩ በሴኮንድ 2 ሚሊሜትር ገደማ እንዲለቀቅም ይታያል፤ አብዛኛው ተማሪ ይቸኩላል።

የመድኃኒት ስሌት ስቴሽኑ ቀላል ይመስላል። ጄንታማይሲን በ2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም ነው፣ የታዘዘው 60፤ መልሱ 1.5 ሚሊ ሊትር። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ የፈሳሽ መስጫ ቱቦ (ሴት)፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። የሚሳሳቱት ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳይለውጡ ሲያካፍሉ ነው። የቱቦው የጠብታ መጠን ከማሸጊያው ላይ እንዲነበብ እንጂ በቃል እንዲታወስ አልፈቀድኩም።

ቼክሊስቱ ላይ ራሴ ተሳስቻለሁ። እርምጃው ሁሉ እኩል ነጥብ ሲኖረው ከጀርም የጸዳውን (ስቴራይል) ጓንት የበከለ ተማሪ ከ20 18 አምጥቶ አለፈ። ከዚያ “ከተዘለለ ስቴሽኑን ይጥላል” የሚሉ ወሳኝ እርምጃዎች ጨመርኩ፤ 9 ስላደረግኳቸው ግን ለማለፍ የበቃው ጥቂት ነው። አሁን 3 ናቸው፦ የታካሚን ማንነት ማረጋገጥ፣ ንጽሕናን መጠበቅ፣ መርፌን ሳይከድኑ ወደ ሴፍቲ ቦክስ መጣል።

መዛኞች ከፈተናው በፊት አንድን ተማሪ ለየብቻ ይመዝናሉ፤ ከ20 ከ2 ነጥብ በላይ ከተራራቁ ቼክሊስቱን አብረን እናነባለን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከአረፍተ ነገሩ ነው፤ “በአግባቡ አጠበ” የሚለውን አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ይረዳዋል፣ “በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ አጠበ” የሚለው ግን አያጨቃጭቅም።

ማለፊያውን በ50 አልወሰንኩም። መዛኙ ከነጥቡ ጎን “አለፈ፣ ጠርዝ ላይ፣ ወደቀ” ከሚሉት አንዱን ይመርጣል፤ “ጠርዝ ላይ” የተባሉት ተማሪዎች ነጥብ አማካይ ማለፊያ ይሆናል። ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ አማካዩን አላምነውም፤ መዛኞቹ እያንዳንዱን እርምጃ አይተው ማለፊያውን በስምምነት ያስቀምጣሉ። የወደቀ ተማሪ ከሁለት ሳምንት ልምምድ በኋላ ያችኑ ስቴሽን ይደግማል። ከግማሽ በላይ የወደቀበት ስቴሽን ሲኖር ሰነዱ ወደ ኮርሱ መምህር ይሄዳል፤ ባለፈው ዙር የሄደው የደም ግፊቱ ነው።