የኪርኬ ማርና ገብስ

ኦዲሴይ፣ የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ኦዲሴዎስ የባሕር ጉዞ የተረከው ረጅም ግጥም፣ 24 መጻሕፍት (ክፍሎች) አሉት። ጠንቋይዋ አምላክ ኪርኬ የምትገኘው በ10ኛው ውስጥና በ12ኛው መግቢያ ላይ ነው፤ ሌላው ቦታ ስሟ ብቻ ነው ብልጭ የሚለው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ማደሊን ሚለር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ልብ ወለድ ግን ከዳር እስከ ዳር በኪርኬ አንደበት ይተረካል። ከዚያች ቁራጭ ያን የሚያህል መጽሐፍ እንዴት ወጣ? እንዳልረሳው ልጻፈው።

ሆሜር ለዝርዝር አይሰስትም። ከኦዲሴዎስ ባልደረባ ከዩሪሎኮስ ጋር 22 ሰዎች ወደ ኪርኬ ቤት ሄዱ፤ እሱ ጠርጥሮ ደጅ ቀረ። ኪርኬ ለገቡት አይብ፣ የገብስ ዱቄትና ማር በወይን በጠበጠችላቸው። (በሶ በማር ለጠጣ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።) መድኃኒቱን ጨመረችበት፣ ጠጡ፣ በበትሯ መታ አደረገቻቸው፣ ዐሳማ ሆኑ። ልቦናቸው ግን የሰው እንደነበረ ቀረ። ሁሉም ተነገረ፤ ለምን እንዳደረገችው ብቻ አልተነገረም።

ሚለር የገባችው በዚህች ቀዳዳ ነው። በእሷ መጽሐፍ ቀድመው የመጡ መርከበኞች አሉ፤ ኪርኬ አብልታ አጠጥታ ታስተናግዳቸዋለች፣ ብቻዋን መሆኗን ሲያውቁ አለቃቸው ይደፍራታል። ዐሳማው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሆሜር አንድ ነገር አልተሻረም፣ ምክንያት ብቻ ተጨመረ። ቅጽል እንኳ አትጥልም፦ ሆሜር «የሰው ድምፅ ያላት አምላክ» ይላታል፤ ሚለር ያንን ይዛ በአማልክት ቤት በቀጭን ድምፅዋ የምትናቅ ልጅ ፈጠረች።

የሚያስቸግረው የማይሞት ባለታሪክ ነው። ስጋት ከሌለ ልብ አይሰቀልም። በዚያ ላይ ኪርኬ ደሴት ላይ ግዞተኛ ናት፤ ወሬው ሁሉ በአማልክት መልእክተኛ በሄርሜስ አፍ ብቻ ከመጣ ገጹ ይሞታል። ሚለር የእጅ ጥበበኛውን ዴዳሎስን ልካ ወደ ቀርጤስ ታስወጣታለች፣ እህቷን ፓሲፋኤን ታዋልዳለች፣ ግማሽ ሰው ግማሽ በሬ የሆነው ሚኖታውሮስ በእጇ ይወለዳል። ኋላ ደግሞ ሟች ልጅ ትወልዳለች፤ ፍርሃት ቤቷ የገባው ያኔ ነው። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። የወንድሟ ልጅ ሜዲያም መጣች፣ እገሌም መጣ ሲባል ግን ደሴቲቱ አውቶቡስ ተራ ትመስላለች፤ ያን ክፍል ብዙም አልወደድኩትም።

ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እንግሊዝኛው የማያውቀው ጣጣ ይጠብቀዋል፦ አንተ ነው እርስዎ? ሆሜርም ይህ ልዩነት የለውም። በ10ኛው መጽሐፍ ኪርኬ ኦዲሴዎስን ወደ ጋጣው ስታዝዘው «ሂድ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተኛ» ትለዋለች፤ እዚህ «አንተ» ነው፣ ንቀት ነው። ሰይፉን ሲመዝባት ጮኻ ጉልበቱን ትይዛለች፤ እዚህ «ማን ነዎት? ከየት መጡ?» ማለት ያለባት ይመስለኛል። ወዲያው ማንነቱን ታውቃለች፦ «በል ሰይፍህን ወደ አፎቱ መልስ፣ አልጋ ላይ እንውጣ።» ሦስተኛው ንግግሯም «አንተ» ነው፣ እንደ መጀመሪያው ግን አይነበብም።